ስምሪት ከሌለ ባቡር የለም

ነቀምቴ ባቡር የላትም። እኔ ሳሎን ግን አለ። ሳቁ፤ ከእናንተ በፊት ስንቱ ስቆብኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ሥራዬ ሞባይልና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። አንድ ጊዜ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ አንድ የተቀደደ ካርቶን አየሁ። ውስጡ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት የባቡር ጎታቾችና ብዙ ሐዲድ ነበር። ሻጩ «ለልጅሽ መጫወቻ ይሆናል፣ ውሰጂው» አለኝ። ልጅ እንደሌለኝ አልነገርኩትም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ይዤው መጣሁ። ፉርጎዎቹን ከስስ ጣውላና ከዘይት ቆርቆሮ ራሴ ቆራርጬ ሠራሁ። ሶፋዎቼን አወጣሁና ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ጠረጴዛ አሠራሁ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው በረንዳ ላይ ነው፤ ደስ ያላለው ይቅር።

መጀመሪያ ሐዲዱን በክብ ነበር ያነጠፍኩት። ባቡሩ ይዞራል፣ እኔ አያለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ሰለቸኝ። አውድማ ላይ ከሚያበራይ በሬ በምን ይለያል? ባቡር ማለት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ፣ ቡና የሚጭን፣ በቆሎ የሚያራግፍ፣ «ልለፍ ወይ?» ብሎ መንገድ የሚጠይቅ ነገር ነው። በቪዲዮ ያየኋቸው የሌላ አገር ሰዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ተሰብስበው፣ እንደ እውነተኛ የባቡር ሠራተኛ ሥራ ተከፋፍለው ይውላሉ። እኛስ ምን ያንሰናል? አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ክቡን አፍርሼ መስመር ዘረጋሁ። ከበሩ በስተግራ ቢላ፣ በመስኮቱ ሥር ነቀምቴ፣ በወዲያኛው ጥግ ዲጋ። በቢላና በነቀምቴ መካከል «ጉቶ ጊዳ» ብዬ አንዲት ትንሽ ማለፊያ አደረግኩ፤ እዚያ ላይ ሐዲዱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ባቡሮች ይተላለፉባታል። ከዚያ ውጪ መንገዱ ነጠላ ነው። በነቀምቴና በዲጋ መካከል ከጋዜጣና ከሙጫ ኮረብታ ሠርቼ መስመሩን በሆዱ አሳለፍኩት። ጣቢያዎቹን በመጋረጃ ለያየኋቸው፤ ዲጋ የቆመ ሰው ነቀምቴን አያይማ። የሚነጋገሩት ከድሮ የቤት ስልኮች አገጣጥሜ በሠራሁት ስልክ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ማዞሪያ ባቡሩን እስከ መንገዱ አጋማሽ ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይረከበዋል። የግድግዳ ሰዓቱንም ፈታትቼ እንዲሮጥ አደረግኩት። የእኛ አንድ ሰዓት ለባቡሩ ግማሽ ቀን ነው፤ በባቡሩ ሰዓት በየሰዓቱ ደወል ይመታል። መብራት ቢጠፋ እንኳ በመኪና ባትሪ ይሠራል። በነቀምቴ ይህን ያላሰበ ሰው ምንም አይጀምር።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ አለ፤ ስምሪቱ ሳይፈቅድ አንድም ባቡር አይንቀሳቀስም። መናኸሪያ የሄደ ሰው ስምሪትን ያውቀዋል። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰው ነው። የእኛ ስምሪት ወንድም ጋሼ ነበር።

ወንድም ጋሼ ታላቄ ነው። ከነቀምቴ ጊምቢ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ ያውም ኃይለኛ። ረዳቶቹ ድምፁን ሲሰሙ የሚገቡበት ይጠፋቸው ነበር። እኔም ብሆን ከቁጣው የተረፍኩበት ቀን ትንሽ ነው። ኋላ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ያዘውና ብርሃኑን ቀማው፤ አሁን የሚያየው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው። እኔ ግቢ ገብቶ መኖር ከጀመረ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ሁሉ ያዝንለታል። ፀጉር ቤት ተራ ይለቁለታል። ስለ ኳስ ተሳስቶ ቢያወራ «እውነትህን ነው» ይሉታል። ሳይጣላ ውሎ የማያድረው ሰው የሚጣላው አጣ። እሱም ቀስ በቀስ ተወው። ምን ትበላለህ ስለው «እንዳደረግሽ»፣ የት እንሂድ ስለው «እንዳልሽ»። አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ያ የሚያስፈራኝ ወንድሜ እንዲህ ሟሙቶ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አላይም አልኩ። ቃሉ የሚፈጸምበት አንድ ቦታ፣ አንድ እንኳ፣ እንዲኖረው ብዬ ነው ስምሪት ያደረግኩት።

ጓዳ ውስጥ ወንበርና ስልክ አስቀመጥኩለት። እንደ ገበጣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጣውላም ቦረቦርኩለት። ቡና ፍሬ የሰው ባቡር ነው፣ በቆሎ ፍሬ የጭነት ባቡር። ባቡር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፍሬውን በጣቱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያዛውራል። መጀመሪያ ቀን «ልጅ መሰልኩሽ?» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዳልሽ» ብሎ ተቀመጠ።

ዲጋን የያዘችው የሱቄ ደንበኛ ናት፤ አስተማሪ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ጴንጤ፣ ሳቂታ። ሁላችንም «ባርሲስቱ» ነው የምንላት፣ በኦሮምኛ አስተማሪዋ ማለት ነው። ነቀምቴን የያዘው ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ እሑድ ከቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ድሮ ጨርቁን በወንድሜ አውቶቡስ ያስጭን ነበርና እንደ ሥጋ ዘመዱ ይወደዋል። ቢላን እኔ ያዝኩ። እሑድ እሱ ከቤተ ክርስቲያን፣ እሷም ከጸሎት ቤቷ ተመልሰው፣ ምሳ አብረን በልተን እንጀምራለን።

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ነበር። ሰዓቱን ለቀቅኩት። ነጋዴው ስልኩን አንስቶ ዲጋ ደወለ።

«አካም ጂርታ ባርሲስቱ? እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«ነጋ፣ ነጋ! አንተስ? ኢጆሌን አካም? ቤት ሁሉ ደኅና? ጉልበትህን ተሻለህ?»

አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በመጋረጃ ተለያይተው፣ አሁን ከአንድ ሳህን በልተው ተነስተው! ደወሉ መታ። እነሱ ገና ከአማቶች ጤና አልወጡም። የጠዋቱ ባቡር ቆሞ ረፈደበት።

«ሰዎች! ባቡሩን ላኩና ተጠያየቁ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴ! ደኅና መዋሏን ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ነው ባቡር የምልክባት?» አለ ነጋዴው፣ ተቀይሞ።

«ከብት አደረግሽን እኮ» አለች ባርሲስቱም ከወዲያ ጥግ። ያን ቀን የጠዋቱ ባቡር ዲጋ ሲገባ ጀንበር ጠልቃ ነበር። ብዙ ተከራክረን፣ ሰላምታ ሁሉ ሰዓቱ ሳይለቀቅ እንዲያልቅ ወሰንን። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ስልክ ለስልክ ይጠያየቃሉ፣ እኔ እጄን ሰዓቱ ላይ አድርጌ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ መስመር ያዘ። ፉርጎ መቀየሩ፣ ቡናውን ከዲጋ አንስቶ ነቀምቴ ማራገፉ፣ በቆሎውን ወደ ቢላ መላኩ፣ ሁሉም ተለመደ። ወንድም ጋሼ «የጭነቱ ይቅደም» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጮኻል። «አልፏል ወንድሜ፣ ልክ እንዳልከው!» ይለዋል ነጋዴው። ባርሲስቱም በአክብሮት «ደርሷል ኦቦ!» ትላለች። አንድም ቀን የተደናቀፈ ባቡር የለም። እኔ ከቢላ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ፣ ተሳካልኝ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድም ጋሼ ግን ማታ ማታ «እንዳልሽ» ማለቱን አልተወም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ እሑድ ኮረብታው ሆድ ውስጥ «ቋ!» አለ።

መጋረጃዬን ገልጬ ስወጣ፣ ከኮረብታው በአንደኛው በኩል የነጋዴው ጭነት ባቡር ጭራ፣ በሌላው በኩል የባርሲስቱ የሰው ባቡር ጭራ ይታያል። ግንባር ለግንባር ገጥመዋል። ከጓዳ የወንድም ጋሼ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የሰማሁት? የጭነቱ ደረሰ?»

ነጋዴው እኔን አየኝ። ዓይኑ ተቅለሰለሰ። «ደርሷል ወንድሜ» አለ ጮክ ብሎ። «እንዳልከው ደርሷል።»

«ምኑ ነው የደረሰው!» አልኩ። «ተላትሞ ተቀምጦ!»

ነገሩ ተዘረገፈ። ወንድም ጋሼ የጭነቱ ይቅደም ብሎ ነበር። ነጋዴው ግን ሰው አስቁሞ ጭነት ማሳለፍ ነውር ሆነበት። ለስምሪቱ ትንፍሽ ሳይል ዲጋ ደወለና «ያንቺ ይቅደም» አላት። «አይሆንም፣ ያንተ ነው የተባለው፣ ያንተ ይለፍ» አለችው። «በሞቴ!» «ኧረ እኔ ልሙት!» በር ላይ እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ እየተባባሉ እንደሚገፋፉ ሰዎች ሲጓተቱ ቆዩና፣ በመጨረሻ ሁለቱም ደከማቸው። እሱ «ይሁን፣ ቃሏን ላክብር» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሷም «ይሁን፣ ቃሉን ላክብር» ብላ ዘጋች። ሁለቱም ባቡራቸውን ለቀቁት። ሰው እንዴት በመከባበር ይጋጫል? እኛ ተጋጨን።

ወንድም ጋሼ በሩን ይዞ ቆሟል። «ስንት ጊዜ ነው እንደዚህ ያደረጋችሁት?» አለ።

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ባርሲስቱ ግን ፊት ለፊት ተጠይቃ መዋሸት አይሆንላትም። «ብዙ ጊዜ ነው ኦቦ» አለች። «ትእዛዝዎ አልገጥም ሲል እኛው እርስ በርሳችን እያስተካከልን፣ አልፏል እንልዎት ነበር። እንዳያዝኑ ብለን ነው።»

አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ! «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰዎች ናችሁ» አለና ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ ላይ ያወረድኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። «ይሉኝታችሁ ገደል ይግባ! ይሉኝታ ባቡር አይነዳም!» ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። «ለወንድሜ አዝኜ እኮ ነው» አለ ነጋዴው። «ማዘናችሁማ ነው የጨረሰው» አልኩት። ፀጉር ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ከተማው ሁሉ የሚያደርገውን ነበር እኔ ሳሎን ውስጥ ያደረጉት። ወንድም ጋሼ የስምሪት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዘው ማንንም አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ ቃል አልወጣውም። ቅዳሜ ማታ ነገ እንጀምራለን ስለው «እኔን ተዪኝ፣ እናንተው ንዱት» አለ። ልመና አልችልበትም፤ ከልጅነቴም አልችልበትም። «እሺ» አልኩት። «ግን ያንተን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም።»

እሑድ ሁለቱም መጡ፣ እየፈሩ። ሰላምታቸውን በስልክ ጨረሱ። ሰዓቱን ለቀቅኩትና «ያለ ስምሪት ማንም ማዞሪያ እንዳይነካ» አልኩ። ከዚያ ጓዳ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ባዶ ጓዳ ውስጥ ይጮኻል፤ የሚያነሳው የለም። ወንድም ጋሼ ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር ተቀምጧል፤ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ደወል በመታ ቁጥር እንደገና እደውላለሁ። ባቡሮቹ እንደቆሙ፣ እኛም በየመጋረጃችን እንደተቀመጥን የባቡሩ ቀን መሸ። ተነሥተን ተለያየን።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ጠራኋቸው። ነጋዴው «ኧረ ባክሽ! የማይሄድ ባቡር ስንጠብቅ መዋላችንን የሰማ ሰው ምን ይለናል?» አለ።

«የፈለገውን ይበል። ስምሪት ከሌለ ባቡር የለም።»

«ካልመጣስ?»

«የዛሬ ሳምንትም እንቀመጣለን።»

ባርሲስቱ ሳቀች። «ይቺስ ታደርገዋለች» ብላ የሚታረም ፈተናዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

ሰዓቱ ሮጠ። ደወል መታ፣ ስልክ ደወልኩ። ደወል መታ፣ ስልክ ደወልኩ። ከግቢው ድምፅ መጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው የማትነዱት?»

«ስምሪት የለም!» አልኩ፣ እኔም በመስኮቱ ጮክ ብዬ።

«አንቺ ንገሪያቸዋ!»

«እኔ ቢላ ነኝ!»

ደግሜ ደወልኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። የእግሩን ኮቴ በረንዳው ላይ ሰማሁ፤ ከዚያ ጓዳ ውስጥ ወንበር ሲጎተት።

«አቤት። ስምሪት» አለ።

ድምፄን አደነደንኩት። «ቢላ ነኝ። የሰው ባቡር ለመውጣት ዝግጁ ነው።»

«ቆይ» አለና ስልኩን አስቀምጦ ለሁላችንም እንዲሰማ ከጓዳ ተናገረ። «ስሳሳት ማንም እንዳይነካው። በእኔ ስህተት የቆመ ይቁም፣ የሚጋጭም ይጋጭ። ጣቢያ ለጣቢያ መደወል ቀርቷል፤ ሁሉም በእኔ በኩል። በሞቴ የሚል ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልን ሦስታችንም።

የዚያኑ ዕለት ተሳሳተ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከማቸው በቆሎ ከነቀምቴ ወደ ቢላ መሄድ ነበረበት፤ ነጋዴው «ፉርጎ ልጨምር?» አለው፣ «ጨምር» አለ። እኔም የሰው ባቡሬ ላይ ልጨምር ወይ አልኩት፣ ጨምሪ አለኝ። ከዚያ ሁለታችንንም ጉቶ ጊዳ ላይ ተላለፉ ብሎ ለቀቀን። ማለፊያዋ አጭር ናት። ከሁለቱ ባቡሮች አንዱ እንኳ ቢያጥር እሷ ውስጥ ገብቶ ሌላውን ያሳልፍ ነበር። ሁለቱም ረዘሙ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ።

መፍትሔው እጄ ላይ ነው። ሁለት ፉርጎ በጣቴ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጥ አለቀ፤ ማን ያያል? ነጋዴው መጋረጃውን ገልጦ አየኝ፤ በዓይኑ «አንሺው፣ በናትሽ» እያለ ይለምነኛል። እጆቼን ከታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸውና በግንባሬ መጋረጃውን እንዲዘጋ አመለከትኩት። ስልኩን ለማንሳት ብቻ አንዱን እጄን አወጣሁ።

«ስምሪት፣ ቢላ ነኝ። ጉቶ ጊዳ ላይ ተፋጠናል። ሁለታችንም ረዝመናል፣ አንተላለፍም።»

ፍሬዎቹን ጣውላው ላይ ሲነካካ ይሰማኛል። ደወል መታ።

«ማን ነው እንደዚህ ያዘዘው?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ሌላ ደወል መታ። ቀጠለና «ቢላ፣ ተመለሺ። ወደ ኋላ፣ እስከ ቢላ ድረስ። ጭነቱ ተከትሎሽ ይገባል፣ ከዚያ አንቺ እንደገና ትነሻለሽ» አለ።

«ሰው ይዤ ወደ ኋላ?»

«ይዘሽ! የተባልሽውን አድርጊ!»

ጮኸብኝ። ዓይኑን ካጣ ወዲህ መጀመሪያ የጮኸብኝ ያን ቀን ነው። ማዞሪያዬን ገለበጥኩና የሰው ባቡሬን ወደ ኋላ ነዳሁ፣ ቀስ እያልኩ፣ ፉርጎ እንዳይወድቅ እየሰጋሁ። የነጋዴው ባቡር ተከትሎኝ ገባ። እኔ እንደገና ተነሣሁ። በዚህ ሁሉ ሰዓቱ እየሮጠ ነው። ጉቶ ጊዳን አለፍኩ፣ ለነቀምቴ አስረከብኩ፣ ነጋዴው ተረክቦ በኮረብታው ሆድ አሳለፈው። ባቡሩ ዲጋ ሲገባ መሽቷል።

ወንድም ጋሼ ራሱ ዲጋ ደወለ። «የሰው ባቡር ደረሰ?»

እኔም ነጋዴውም መጋረጃችንን ገልጠን ባርሲስቱን እናያለን። ደግ ሴት ናት፤ ማንንም አስቀይማ አታውቅም። «ደርሷል ኦቦ፣ ምንም አይደል» ልትል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በማላውቀው ድምፅ፣ ምናልባት ተማሪዎቿ በሚያውቁት ድምፅ፣ ተናገረች።

«ደርሷል። መቼ ነው ግን የደረሰው? ይህን ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞቼ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናቸው። አራስ አለችባቸው! ማን ነው እንደዚህ ያጉላላን?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድም ጋሼ።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ታዲያ ይሄ? የባቡሩን ርዝመት ሳያረጋግጡ ይለቀቃል? ሰው እኮ ነው የጫኑት! ሁለተኛ እንዳይደገም!»

«አይደገምም።»

ስልኩን ጠረቀመችው። ነጋዴው አማተበ። እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ፤ ምን ሆኖ እንደማገኘው አላውቅም ነበር። ወንድም ጋሼ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የተዘጋውን ስልክ አሁንም ጆሮው ላይ ይዟል።

«ሰማሻት?» አለኝ።

«ሰማኋት።»

«ተቆጣችኝ እኮ!» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «የልቧን ነው እኮ የተቆጣችኝ!»